የፊያት ሲአር 42 ዝንጉርጉር ቀለም በትንሽ ሞዴል ላይ እንዴት ይቀባል?

የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላን መገጣጠም የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ ዝንጉርጉር ቀለም ያለው አውሮፕላን ይገጥመዋል። እስከዚያ ድረስ ሥራው ቀላል ነበር። ክፍሎቹን ቆርጦ ያጣብቃል፣ መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ከላይ አንድ ከታች አንድ ቀለም ይቀባል፤ አለቀ። ዝንጉርጉሩ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይታሰራል። ጠቃጠቆው ብዙ ነው። አንዱ ሌላውን መምሰል የለበትም። የሁሉም ጠርዝ ደብዘዝ ማለት አለበት። ይህ ሁሉ ደግሞ በመዳፍ በሚያዝ አካል ላይ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ሳጥኑን ዘግቶ መደርደሪያ ላይ ይሰቅለዋል።

ለጎንደር ሰው ይህን ጣጣ የሚያመጣው አውሮፕላን የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ፊያት ሲአር 42 ይባላል። ባለ ድርብ ክንፍ የጣሊያን ተዋጊ ነው። መጀመሪያ የበረረው በ1930 ዓ.ም. ነበር። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. አንዱ ፊያት ጎንደር አካባቢ ግላዲያተር ከሚባል የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ ጋር ተገናኘና ተመትቶ ወደቀ። በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት የመጨረሻው የአየር ላይ ውጊያ ያ ነበር። ወር አለፍ ብሎ፣ ኅዳር 18 ቀን፣ የጎንደር የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ናሲ እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም ነፃ ወጣች።

«የወራሪ አውሮፕላን ምን ብሎ ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ሞዴል ውዳሴ ነው ብዬ አላምንም። አርበኞቹ ጎንደርን ሲከቡ ከራሳቸው በላይ ምን ያንዣብብ እንደነበር ማወቅ የፈለገ ሰው ያንን ነገር በትክክለኛ መልኩ ቢያየው ይሻላል። ከተቻለ ደግሞ ግላዲያተሩንም ሠርቶ አጠገቡ ያቁመው።

መጀመሪያ፣ ለምን ዝንጉርጉር ሆነ?

በ1928ቱ ወረራ የጣሊያን አውሮፕላኖች መደበቅ አላስፈለጋቸውም ነበር። ከካፕሮኒ ቦምብ ጣዮቹ ብዙዎቹ ነጣ ባለ የዝሆን ጥርስ ቀለም የተቀቡ ነበሩ። ክንፋቸው ላይ ደግሞ ከሩቅ የሚታይ ደማቅ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ለምን? ኢትዮጵያ የሚያሳድዳቸው ተዋጊ አውሮፕላን አልነበራትም። የሚያሰጋቸው ሞተር ተበላሽቶ ሰው የማይደርስበት ቦታ ወርደው የሚፈልጋቸው ወገን ሳያያቸው መቅረት ነበር። ስለዚህ እንዲታዩ ተቀቡ። ያለ ሃሳብ የሚበር ሰው ቀለም ነው። እኔን በግሌ ይሄ ከብዙ የጦር ሜዳ ታሪክ በላይ ያናድደኛል።

ሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገባ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ከሱዳንም ከኬንያም የሚመጣ አውሮፕላን አለ። ሜዳ ላይ የቆመ አውሮፕላን ደግሞ በሰማይ ካለው ይልቅ ለመመታት ቅርብ ነው። ዝንጉርጉሩ ቀለም ከሁሉ በላይ ለዚህ ሰዓት ነው የተሠራው፤ መሬት ላይ ቆሞ ከላይ ሲታይ እንዲሰወር።

አሠራሩን ለመረዳት ቆቅን አስቡ። የታጨደ ማሳ ውስጥ ጭጭ ብላ ስትቀመጥ አጠገቧ ደርሳችሁም አታዩዋትም። ቀለሟ ከአፈሩ ጋር አንድ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጠቃጠቆዋ የገላዋን ዳር ይሰባብረዋል። ዓይናችን ነገርን የሚለየው ከዳሩ ነው፤ ክንፍ ክንፍ የሚመስለው ቀጥ ያለ ጠርዝ ስላለው ነው። ያ ጠርዝ በጠቃጠቆ ሲቆራረጥ ዓይን «ይሄ ክንፍ ነው» ማለት ያቅተዋል። ጠቃጠቆዎቹ ራሳቸው ስለታም ጠርዝ ካላቸው ግን በተራቸው ዓይን ይስባሉ። ስለዚህ ዳራቸው እየሳሳ እንዲጠፋ ተደርጎ ይረጫል። የአውሮፕላኑ ሆድ ፈዛዛ ግራጫ የሆነው ደግሞ ከታች ለሚያይ ሰው ከሰማዩ ጋር እንዲቀላቀል ነው።

ጣሊያኖች በዚያ ዘመን ለዚህ የተጠቀሙባቸው ዋና ቀለሞች አራት ናቸው። መደቡ ጃሎ ሚሜቲኮ የሚባል አሸዋማ ቢጫ ነው። በላዩ ቬርዴ ሚሜቲኮ የተባለው አረንጓዴና ማሮኔ ሚሜቲኮ የተባለው ቡናማ በጠቃጠቆ ይረጫሉ። ሆዱ ግሪጆ ሚሜቲኮ ነው፣ ግራጫ። ሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት አልቀባም። ፊያት የራሱ አካሄድ ነበረው፤ ማኪም ብሬዳም ካፕሮኒም እንዲሁ። አንዱ ጠቃጠቆውን ያበዛል፣ ሌላው ያሰፋዋል። ቆይቶ በእነሱ አቆጣጠር በ1941 ቀለሞቹ ተቀንሰው አዲስ ደንብ ወጣ፤ ጥቁር ወይራ አረንጓዴና ፈዘዝ ያለ የለውዝ ቡናማ ዋናዎቹ ሆኑ። ስለዚህ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት የትኛውን ዓመት አውሮፕላን እንደምትሠሩ ወስኑ። ለጎንደሮቹ ፊያቶች የድሮው ቢጫ፣ አረንጓዴና ቡናማ ነው የሚሻለው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ በስዊዝ ቦይ (ካናል) በኩል ያለው የባሕር መንገድ ለጣሊያን ተዘጋ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የተላኩት ሲአር 42ቶች ተፈታትተው ሳቮያ ማርኬቲ 82 በሚባለው ትልቅ አጓጓዥ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ተጭነው ነው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡት። ሲአር 42 የሚሠራው ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ ከተማ ነበር። ማለትም እንዲህ ተጭኖ መጥቶ እዚህ የተዋጋው አውሮፕላን የመጣው ለሜዲትራኒያን አካባቢና ለሊቢያ ምድር የታሰበ ቀለም ተቀብቶ ነው። ያ ቢጫ በጥር ለአዘዞ ሜዳ ይስማማ ይሆናል። በነሐሴ፣ ምድሩ ሁሉ አረንጓዴ ሲለብስ፣ እንዴት እንደሚታይ እናንተው ገምቱት።

ችግሩ የእጅ ሳይሆን የመጠን ነው

ዝንጉርጉር ያቃተው ሰው ሁሉ «እጄ አይረጋም» ይላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። የሚያስቸግረው ማካፈል ነው።

ቁጥሩን እንየው። የሲአር 42 የላይኛው ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 9 ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር ነው። በ1 ለ 72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ፣ ሲሠራ 13 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ርዝመቱ 8 ሜትር ከ27 ነው፤ ሲያንስ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል። በ1 ለ 48 ከሆነ ክንፉ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

አሁን ጠቃጠቆው ላይ እንምጣ። ፋብሪካው ውስጥ ሠራተኛው በትልቅ መርጫ አንድ ጠቃጠቆ ረጨ እንበል። ስፋቱ 36 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ለ72 ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር ነው። ይሄ አያስቸግርም፤ ማንም ሰው የ5 ሚሊ ሜትር ክብ መርጨት ይችላል። ጉዱ ያለው ጠርዙ ላይ ነው። የዚያ ጠቃጠቆ ዳር በ7 ሴንቲ ሜትር ውስጥ እየሳሳ ጠፋ እንበል። ለ72 ሲካፈል 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እናንተ ስትረጩ ዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ከደበዘዘባችሁ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ደበዘዘ ማለት ነው። እንደዚያ የሚረጭ ሰው የለም። ዓይን ስሌቱን ባያውቅም ስህተቱን ያውቃል። ሞዴሉ «ጭጋግ የለበሰ መጫወቻ» ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው።

በብሩሽ ብቻ የተቀባው ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል። ዳሩ ምንም አይደበዝዝም። ሁሉም ነጥብ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። ትክክለኛው መልስ ከሁለቱ መካከል፣ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ባለች ጠባብ ክልል ውስጥ ነው ያለው። ከዚህ በታች የምናወራው ሁሉ እዚያች ክልል ውስጥ ስለመግባት ነው።

ኤርብረሽ፦ ሦስት ነገሮች ተያይዘው

ኤርብረሽ አየር በቀጭን አፍ በኩል ሲያስወጣ ቀለሙን ከመርፌው ጫፍ እየሳበ ወደ ጉም የሚበትን መሣሪያ ነው። ለዝንጉርጉር የሚሆነው ባለ ሁለት ተግባር የሚባለው ነው። ቁልፉን ወደ ታች ስትጫኑት አየር ብቻ ይወጣል። ወደ ኋላ ስትስቡት መርፌው ይሸሽና ቀለም ይለቀቃል። የ0.2 ወይም የ0.3 ሚሊ ሜትር መርፌ ይበቃል።

እንግዲህ ትንሽ ጠቃጠቆ ለመርጨት መጠጋት ግድ ነው። አፉ ከሞዴሉ በ1 ወይም በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይሁን። ግን ሲጠጉ አየሩ ይበረታል። ገና ያልደረቀውን ቀለም ገፍቶ የሸረሪት እግር የመሰለ ቀጫጭን ጅረት ያወጣበታል። ስለዚህ የአየሩን ግፊት መቀነስ አለባችሁ። መደቡን ስትቀቡ 20 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ከነበረ፣ ለጠቃጠቆው ከ10 እስከ 15 አውርዱት። ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ወፍራም ቀለም መበተን ያቅተዋል፤ እንደ አሸዋ እየተፋ ይወጣል። ስለዚህ ቀለሙን ማቅጠን አለባችሁ፤ አንድ እጅ ቀለም ከአንድ ተኩል ወይም ከሁለት እጅ ማቅጠኛ ጋር። ቀለሙ ሲቀጥን ደግሞ በቀላሉ ይፈስሳል። ስለዚህ ቁልፉን የምትስቡት በጣም በጥቂቱ መሆን አለበት።

አንዱን ስትነኩ ሌላው እንደሚናጋ ልብ በሉ። «ትክክለኛው ግፊት ስንት ነው?» የሚለው ብቻውን መልስ የሌለው ጥያቄ የሆነው ለዚህ ነው። የሸረሪት እግር ካያችሁ ወይ ግፊቱ በዝቷል፣ ወይ ቀለሙ ብዙ ተለቋል። አሸዋ ከተፋ ወይ ቀለሙ ወፍሯል፣ ወይ መርፌው ጫፍ ላይ ደርቋል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና እንደገና ሞክሩ። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የቱ እንዳዳናችሁ አታውቁም።

ሙከራው ሞዴሉ ላይ አይሁን። የፕላስቲክ ማንኪያ ግዙ። የማንኪያው ጀርባ ክብ ስለሆነ የአውሮፕላንን አካል ይመስላል። መደቡን ቢጫ ቀብታችሁ እዚያ ላይ ተለማመዱ። የቁልፉም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ አየሩን ክፈቱ፣ ከዚያ ቀለሙን በጥቂቱ ልቀቁ፣ ቀለሙን ዝጉ፣ በመጨረሻ አየሩን ዝጉ። አየሩ በነጥብና በነጥብ መካከል አይቋረጥም። አየርና ቀለም አንድ ላይ ከዘጋችሁ መርፌው ጫፍ ላይ የቀረችው ጠብታ በሚቀጥለው ነጥብ ላይ ፈንድታ ትወጣለች። ዝንጉርጉር የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት ይቺ ጠብታ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የጎንደር አየር

የቀለም ሳጥን ላይ የሚጻፈው መመሪያ ጎንደርን አስቦ አልተጻፈም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ፈሳሽ እዚህ ቶሎ ይተናል። በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ቀለሙ ሞዴሉ ላይ ከመድረሱ በፊት ይደርቅና ሸካራ ዱቄት ሆኖ ያርፋል፤ መርፌውም ላይ ይጋገራል። ስለዚህ መጽሐፉ ከሚለው ትንሽ አብልጣችሁ አቅጥኑ። ማድረቅ የሚያዘገይ ፈሳሽ ለብቻው ይሸጣል፤ ካገኛችሁ ጥቂት ጠብታ ጨምሩበት። መርፌውን በየጊዜው በማቅጠኛ በተነከረ ጥጥ ጥረጉት።

ታሚያ የሚባለው ኩባንያ ለሚሠራው ዓይነት አክሪሊክ ቀለም የፋርማሲ አልኮል ማቅጠኛ ሆኖ ይሠራል። ግን ቶሎ ስለሚተን ደረቅ ወራት ላይ ለጠቃጠቆ አይመረጥም፤ ለመደብ ይሁን፣ ለዝንጉርጉሩ የራሱን ማቅጠኛ ተጠቀሙ። ቫዬሆ የሚባለው ሌላው አክሪሊክ ቀለም ላይ ግን አልኮል እንዳትጨምሩ፤ ይረጋባችኋል። ለመለካት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግሩም ነው።

ክረምት ላይ ችግሩ ይገለበጣል። እርጥበት ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ገብቶ ውኃ ይሆንና በቱቦው መጥቶ ቀለሙ መሃል ጠብ ይላል። ውኃ መያዣ ማጣሪያ ቱቦው ላይ መግጠም ነው መፍትሔው። መብራት ከጠፋ ደግሞ የአየር ታንክ ያለው ኮምፕሬሰር የጀመራችሁትን ክንፍ ያስጨርሳችኋል፤ ታንክ የሌለው እዚያው ይተዋችኋል። ኮምፕሬሰር የሌለው ሰው የሚጠቀምበት የድሮ ብልሃትም አለ። ስኮርታ ጎማ ጎሚስታ ቤት ወስዶ ማስነፋት፣ ከዚያ ማስተላለፊያ ገጥሞ ኤርብረሹን ከእሱ መንዳት። ድምፅ የለውም፣ መብራት አይፈልግም። ጉድለቱ ግፊቱ እየወረደ መሄዱ ነው፤ ስለዚህ መካከል ላይ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል።

ስለ ጤና ባጭሩ፦ መስኮት ይከፈት፣ የአፍ መሸፈኛ ይደረግ። አልኮልና ቲነር ባለበት ክፍል ውስጥ ከሰል ተያይዞ ቡና አይፈላም። ቡናው ሌላ ክፍል ይጠብቅ።

ጠቃጠቆውን ማስቀመጥ

ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን አንድ ተጨማሪ መከራ አለው። የላይኛው ክንፍ ከተጣበቀ በኋላ የታችኛውን ክንፍ ላይ መርጨት አይቻልም። ስለዚህ የላይኛውን ክንፍ ለብቻው ቀቡት፣ አካሉንና የታችኛውን ክንፍ ለብቻው፣ ክንፎቹን የሚያገናኙትን ዘንጎችም ለብቻቸው። ሁሉም ከደረቀ በኋላ ነው የሚገጠሙት። የሲአር 42 ዘንጎች በማዕዘን ተያይዘው ራሳቸውን ስለሚደግፉ፣ እንደ ሌሎች ባለ ድርብ ክንፎች የሽቦ ብዛት አያስቸግራችሁም። ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ሞዴሉን በሳሙና እጠቡና አድርቁ፤ የእጅ ወዝ ቀለም አያስይዝም። አንቲሩጂኔ እንደሚባለው ሁሉ ለሞዴል የሚሆን ሥር ቀለም ቀቡ። ግራጫውን ሆዱ ላይ፣ ቢጫውን ከላይ። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ከዚያ አረንጓዴው፣ ከዚያ ቡናማው።

አረንጓዴውን ስትረጩ ከመሃል ጀምራችሁ በትንሹ እያዞራችሁ ወደ ውጭ አስፉት። መጀመሪያ ውጫዊ መስመሩን ስሎ ውስጡን መሙላት የሚቀናው አለ፤ ያ ዳሩን ድርብ ያደርገዋል። በአንድ ጊዜ አታድምቁት። ሳሳ አድርጋችሁ አሳርፉና ተመልሳችሁ አጠንክሩት። ከማይታይ ቦታ ጀምሩ። ከታችኛው ክንፍ ላይ፣ በላይኛው ክንፍ ከሚሸፈነው በኩል፣ ብትጀምሩ እጃችሁ እስኪሟሟቅ የሠራችሁትን ማንም አያየውም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ሰው ነጥብ በነጻነት ጣል ጣል ያደርግ እንጂ እጁ ሳያውቀው ሥርዓት ይይዛል። እኩል ርቀት፣ እኩል መጠን፣ ረድፍ በረድፍ። ውጤቱ የልጆች ቀሚስ ላይ ያለ ጨርቅ ይመስላል። ይህን ለማምለጥ መጀመሪያ ትልልቆቹን ብቻ በተራራቀ ቦታ አሳርፉ። ቀጥሎ መካከለኛዎቹን። በመጨረሻ ትንንሾቹን በቀሩት ክፍተቶች። አንዳንዶቹ ይነካኩ፣ ሁለቱ ተያይዘው ረዘም ይበሉ፣ አንድ ቦታ ሰፋ ያለ ቢጫ ባዶ ይቅር። ቡናማው ደግሞ የአረንጓዴውን ክፍተት ብቻ እየሞላ አይሂድ፤ አንዳንዱ ላይ ይውጣበት። በየመሃሉ ሞዴሉን ገልብጣችሁ እዩት። በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ረድፍ ካለ ወዲያው ይጋለጣል።

ፎቶ ካነሳን አይቀር፣ የድሮ ፎቶዎችን ስትመለከቱ ጥንቃቄ አድርጉ። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ አረንጓዴውና ቡናማው አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ባለ ሦስት ቀለም አውሮፕላን ባለ ሁለት ቀለም ይመስላችኋል። በሌላ በኩል የጠቃጠቆውን ስፋት፣ ብዛትና ዳር የሚነግራችሁ ፎቶው እንጂ ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል አይደለም። የሳጥኑ ሥዕል የተሣለው ለመሸጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቀለሙን በእውነተኛው ልክ አድርጋችሁ ብትቀቡት ሞዴሉ ላይ ጠቆር ብሎ ይታያል። ትልቅ ነገር ከሩቅ ሲታይ በመካከል ያለው አየር ያፈዝዘዋል፤ ሞዴሉን ግን የምናየው ከክንድ ርቀት ነው። ስለዚህ አረንጓዴውም ቡናማውም ላይ ከመደቡ ቢጫ ጥቂት ጠብታ ጨምሩ። ነጭ ከመጨመር ይሻላል። ነጩ ቀለሙን ያገረጣዋል፤ ቢጫው ግን ያፈዝዘዋል፣ ሦስቱንም ያስማማቸዋል።

የተበላሸውን መመለስ

ጀማሪና ልምድ ያለው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ልምድ ያለው ሰው በአንድ ዙር የሚጨርስ አይምሰላችሁ። ጠቃጠቆ ከሰፋበት ቢጫውን ቀጠን አድርጎ ኤርብረሹ ውስጥ ይመልስና ዳር ዳሩን ይረጫል። ጠቃጠቆው ይጠባል። በጣም ከጠበበ ደግሞ በአረንጓዴው ይመለሳል። እንዲህ ወዲያና ወዲህ ሲባል ዳሩ ሳይታሰብ ትክክለኛውን ድብዘዛ ይይዛል፤ ጭጋጉም ይጸዳል። እንዲያውም አንዳንዱ ሆን ብሎ ጠቃጠቆውን ሰፋ አድርጎ ይረጭና በመደቡ ቀለም እየቀረጸ ቅርጽ ያወጣለታል። በእኔ ግምት ለ1 ለ 72 ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይሄ ነው። ስለዚህ መደቡን ስትቀላቅሉ አብዝታችሁ ቀላቅሉና የተረፈውን በጠርሙስ ክደኑት። ሁለተኛ ያንኑ ቢጫ ማግኘት ዘበት ነው።

የሸረሪት እግሩ ግን ገና እርጥብ ሳለ አይነካ። ይድረቅ፣ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ይለስልስ፣ ከዚያ መደብ ይሸፍነው።

ኤርብረሽ ለሌለው

ዕቃ ማሸጊያ ስፖንጅ ወስዳችሁ በጣት ቆንጥራችሁ ቅደዱት። በመቀስ አትቁረጡት፤ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይተዋል። ቀለም ንኩበት፣ ወረቀት ላይ ደጋግማችሁ አራግፉት፣ ሊያልቅ ሲል ሞዴሉን ነካ ነካ አድርጉት። ዳሩ በጥቃቅን ነጥቦች ይበታተናል። ከክንድ ርቀት ሲታይ ደብዘዝ ያለ ይመስላል። የሴቶች የዓይን ቀለም መቀቢያ ትንሿ ስፖንጅም ለዚህ ትሆናለች። ከደረቀ በኋላ ጠመኔ መሰል የሥዕል ቀለም ፈጭታችሁ ዳር ዳሩን በለስላሳ ብሩሽ ብታሹት ይበልጥ ይለሰልሳል። በ1 ለ 72 በደንብ የተሠራ የስፖንጅ ሥራ ከመጥፎ የኤርብረሽ ሥራ ይበልጣል። በ1 ለ 32 ግን አይሞከርም፤ ያ መጠን ላይ ነጥቦቹ ይቆጠራሉ።

ይህን የለመደ ሰው ሌላውንም ዝንጉርጉር ይደፍራል። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት 109 ጠቃጠቆው በብዛት ጎኑ ላይ ብቻ ስለሆነ ቀለል ይላል። የጃፓኑ ካዋሳኪ ኪ 61 ባልተቀባ ብረት ላይ አረንጓዴ የተረጨበት አለ፤ እዚያ ላይ ስህተት መሸፈን ከባድ ነው። ከሁሉ የሚብሰው የማኪ 202 ነው። እሱ ላይ ያለው ነጥብ ሳይሆን ክፍት ቀለበት ነው፣ «የጭስ ቀለበት» ይሉታል። ለጀማሪ አልመክርም። ግላዲያተሩ ደግሞ ጨርሶ ጠቃጠቆ የለውም፤ ሰፋፊ የአረንጓዴና የአፈር ቡናማ ሰንበሮች ናቸው።

ማጠናቀቂያ

ዝንጉርጉሩ ሲያልቅ አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ። ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይረጫል። ይሄ ለውበት አይደለም። ተለጣፊ ምልክቶቹ ሸካራ ቀለም ላይ ከተለጠፉ ከሥራቸው አየር ይይዙና ዳራቸው ነጭ ሆኖ ይታያል። ክንፉ ላይ የሚለጠፈው ክብ ውስጥ ያለ የሦስት ፋሺ (የታሰረ በትርና መጥረቢያ፣ የፋሺስቶች ዓርማ) ምልክት ነው። ደስ የማይል ምልክት ነው፤ ግን አውሮፕላኑ ላይ ነበር።

ከተለጣፊው በኋላ የመጨረሻው ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ፣ ቫርኒሽ ይከተላል። እሱም ከሩቅ፣ በስሱ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር። ማት ቫርኒሽ በዝቶ ሲረጭ እንደ ጉም ነጣ ያለ ሽፋን ይተዋል፤ ቡናማውና አረንጓዴው የነበራቸውን ልዩነት ይበላባችኋል። ያቺ የተለማመዳችሁባት ማንኪያ ካለች መጀመሪያ እሷ ላይ ሞክሩት። የላይኛው ክንፍ የሚገጠመው ከዚህ በኋላ ነው። ሙጫው በትክክል እንዲይዝ ዘንጎቹ የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች ከቀለምና ከቫርኒሽ በመርፌ ጫፍ ማጽዳት እንዳትረሱ።